ወደ ቀኝ የታጠፈችው ጽጌረዳ

ለታናሽ እህቴ፤

በድለሽኛል። ጽጌረዳዬን ከአጥሬ ላይ አንስተሽ በቦታዋ ሌላ ተክለሻል፤ ከዚያም ሰፈሩን በሙሉ አስተባብረሽ ዋሽተሽኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማንም ደፍሮ ያላደረገብኝን፣ ደረቴ ተቀዶ ተሰፍቶ አልጋ ላይ በተኛሁበት ሰዓት አደረግሽብኝ። ሰላምታውን ከዚህ በኋላ አስከትላለሁ፤ አስቀድሜ ብጽፈው ውሸት ይሆንብኝ ነበር።

እንግዲህ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ክረምቱን ሙሉ ያሰቃየሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ቁስሉ ደርቋል። ጨው ቀንስ ስላሉኝ የሚሶ ሾርባዬን አቅጥኜ እጠጣለሁ፤ የፈላ ውኃ ነው ቢባል ይቀላል። እንቅልፌን እተኛለሁ። ስለ ጤናዬ ከዚህ በላይ የምነግርሽ የለኝም፤ የቀረውን ሐኪሙ ለእኔ ከመንገሩ በፊት ለአንቺ እንደነገረሽ አውቄያለሁ።

አሁን ያደረግሽውን ከሥሩ ልጻፈው።

ጥር ላይ እንደ ሁልጊዜው ጽጌረዳዬን ከአጥሩ ፈትቼ አውርጄ ነበር። በእኛ ዘንድ የምትሳብ ጽጌረዳ ያለው ሰው በብርዱ ወር ምን እንደሚሠራ ታውቂዋለሽ። ሲባጎውን ሁሉ ይበጥሳል፣ ዘንጎቹን መሬት ላይ ያጋድማል፣ የቀረውን ቅጠል በእጁ ይለቅማል፣ ያረጀውን ይቆርጣል፣ ወጣቱን መልሶ አጋድሞ ያስራል። ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ጫፉ ላይ ብቻ ነው የሚያብበው፤ የተጋደመው ግን ከየቡቃያው ዓይን አበባ ያወጣል። እኔ ፈትቼ ጨርሼ፣ ማሰር ሳልጀምር ደረቴን ያዘኝ። ከዘንጎቹ መሃል ወደቅሁ። በአምቡላንስ የመጡት ልጆች መጀመሪያ እሾህ ነው የነቀሉልኝ።

መጋቢት ላይ ልጄ ቺካኮ ከናጎያ መጥታ ከሆስፒታል አወጣችኝ። ታክሲው ደጃፋችን ሲቆም ዓይኔ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደ። ጽጌረዳ ታስራለች፤ ተከርክማለች፤ ቀይ ቡቃያዋን አውጥታለች። ከመቀመጫዬ ሳልነሳ፣ «ይቺ የኔ አይደለችም» አልኩ።

«ምኗ፣ አባዬ?» አለች ልጄ።

«ጽጌረዳዋ።»

«ታዲያ የማን ልትሆን ነው? ና ውረድ፣ ሰውየው እየጠበቀን ነው።»

ሹፌሩ ደግሞ ጣልቃ ገብቶ፣ «አባባ፣ እኔም ሚስቴ ፀጉሯን ተቆርጣ ስትመጣ የኔ አትመስለኝም» ብሎ ሳቀ። ቺካኮም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ቤቱ ገብቶ እናቱ በተቀመጠችበት ቦታ የማያውቃትን ሴት፣ የእናቱን ልብስ ለብሳ ቢያገኛት የሚሰማውን ነው የተሰማኝ።

የአበባዋ ዓይነት አንድ ነው፤ እሱን አልክድም። ቅጠሏም እሾኋም አንድ ነው። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ የእንጨት ጫማ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንጨት በልጅነቱ የታጠፈበትን እንደማይረሳ አውቃለሁ። የኔዋ ግንዷ ወደ ግራ ነው የዞረው፤ የጠዋት ፀሐይ ከዚያ በኩል ስለሚገባ እኔ ራሴ ነኝ ያዞርኳት። ይቺ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ዘንጎቿ ግን በግድ ወደ ግራ ተጎትተው ታስረዋል፤ ሲባጎው ከመወጠሩ የተነሣ ልጧን መብላት ጀምሯል። እንዲህ ያለ አስተሳሰር ሳይ ደሜ ይፈላል። ያሰርሽው አንቺ መሆንሽን ያኔ አላወቅሁም።

ቺካኮ ተጨነቀች። ከመንገዱ ማዶ ያለችውን እትዬ ኒሺኦካን ጠርታ፣ «እስቲ እርስዎ ይንገሩት» አለቻት።

«ጋሽ ኮሞዳ፣ ምን ነካህ?» አለች ኒሺኦካ፣ ዓይኗ ግን ጫማዋ ላይ ነው። «ጽጌረዳህ ናታ! በየዓመቱ የምታራግፈውን ከደጄ ስጠርግ የኖርኩ ሰው እሷን አላውቃትም?»

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ስሄድ እሱም፣ «ማደንዘዣው ነው ጋሼ፤ የኔም አጎት ከሆስፒታል የወጣ ጊዜ ድመቱን አላውቃትም ብሎ ከቤት አባሯት ነበር» አለኝ። ፖስተኛው ደግሞ ሳልጠይቀው፣ «ጽጌረዳዎ ዘንድሮ አምሮባታል» ብሎኝ አለፈ። ያ ሰው ሌላ ጊዜ ጽጌረዳና ጎመን የማይለይ ሰው ነው።

እህቴ፣ የሆንኩትን ልነግርሽ አልችልም። ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሲል፣ አንቺ ብቻ ሌላ ስታይ፣ መጀመሪያ ትቆጫለሽ፤ ቀጥሎ ትፈሪያለሽ። ራሴን ተጠራጥሬ አላውቅም ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ የወንድሞቻችንን ስም በየተራ ጠራሁ። የመጨረሻውን ስም እስክጠራ ድረስ ላብ አጠመቀኝ።

ቺካኮ ከመሄዷ በፊት ከቦርሳዋ አንድ በራሪ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። የአረጋውያን መኖሪያ ነው።

«ለማየት ያህል ነው፣ አባዬ። ግቢው ውስጥ አበባም አላቸው።»

አየሁት። ሰው ሾርባ የሚጠጣበትን ሳህን በሚያህል ማሰሮ የተተከለ አበባ ነው። «ይኼ አበባ አይደለም፣ ሰላጣ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። «የገዛ አጥርህን ካላወቅህ ብቻህን ትቼህ መኖር አልችልም። ቅዳሜ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ያኔም እንዲህ የምትል ከሆነ እንወስናለን» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር። እሷ ምንም እንደማታውቅ አሁን ገብቶኛል፤ ለሷ እንኳ አልነገርሻትም። ያን ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ ነበር፦ እውነቱን ከተናገርኩ ቤቴን እለቃለሁ፤ ቤቴን ላለመልቀቅ ደግሞ መዋሸት አለብኝ። እኔ ዋሽቼ አላውቅም።

እሷ ባቡር እንደተሳፈረች መኮትኮቻዬን ይዤ ከጽጌረዳዋ ሥር ተንበረከክሁ። መንበርከክ ተከልክያለሁ። አፈሩ ገና አልጠበቀም፤ እንደ ኬክ ነው የተቆረሰልኝ። ጥቂት ወረድ እንዳልኩ ጣቴ እብጠት ነካ። በዱር ጽጌረዳ ሥር ላይ የተቀጠለችበት ቋጠሮ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ጉልበት አብጧል። የኔዋ ከችግኝ ሻጭ የመጣች አይደለችም። ከቅርንጫፍ ቆርጬ፣ በገዛ ሥሯ ያቆምኳት ናት፤ እብጠት የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም።

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ ብልሽ ታምኛለሽ? አልጃጀሁም! ቋጠሮውን ሳልሸፍን ባልዲ ደፋሁበት፤ ቅዳሜ ለቺካኮ ላሳያት።

ማን እንደተከላት ግን አላወቅሁም። አፏ ያመለጣት እትዬ ኒሺኦካ ናት። የኮመጠጠ ነጭ ራዲሽ በሳህን ይዛልኝ መጥታ፣ ጨው እንደሌለበት ምላ ከተገዘተች በኋላ፣ «ደግሞ ከባድ ሥራ ካለህ ኦኩዳን እንዳትጠራው፤ ያን ሁሉ ደረጃ ተሸክሞ ከወረደ ወዲህ ወገቡ አልተቃናም» አለችኝ።

«የምን ደረጃ?» አልኳት። ሰፈራችን ድሮ ጨው ይደርቅበት የነበረ ሜዳ ነው፤ ደረጃ የሚባል ነገር የለም።

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የ... የመቅደሱን ደረጃ ነዋ» ብላ ሳህኗን እንኳ ሳትጠብቅ ሄደች። የሰፈራችን መቅደስ በሜዳ ላይ ነው።

አትክልተኛው ኦኩዳ ዘንድ ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ መጋዙን ሲስል አገኘሁት። ሲያየኝ ቀና ሊል ሞክሮ ወገቡን ያዘ።

«ጽጌረዳዬ የት አለች?» አልኩት።

«ደጅህ ላይ ነው ያለችው፣ ጋሽ ኮሞዳ።»

«ወገብህስ?»

«ወገቤ ከእርጅና ነው።»

«ውሸታም።»

«እሺ ውሸታም ልሁን። ሐኪሙ እንዳይደነግጥ ብሏል። ገዳይህ ከምሆን ውሸታም ብሆን ይሻለኛል።»

«ደንግጬ ጨርሻለሁ። አውጣት» አልኩት።

ሸራ ገልጦ ጉቶዋን አመጣልኝ። እህቴ፣ ሰው ሲሞትብኝ አይቻለሁ፤ ሚስቴን በእጄ ገንዣለሁ፤ እንዲህ ያለ ሬሳ ግን አላየሁም። ውስጧ ባዶ ነው፤ እንደ ዋሽንት ተቦርቡሯል። ግንድ የሚቦረቡረው ትል፣ ያ ጠመንጃ ትል የምንለው፣ ከሥር ገብቶ በልቷት ኖሯል። ሳነሳት ሰጋቱራ እግሬ ላይ ፈሰሰ። «ሰጋቱራው ከመኸር ጀምሮ ሳይወርድ አይቀርም» አለ ኦኩዳ በዝግታ። እግሬን አራገፍኩ።

«አንተ የጀመርከውን እህትህ ልትጨርስልህ መጥታ ገና ስትነካት እጇ ላይ ተሰበረች» አለኝ። «ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ጠረገችና፣ ‹ይኼን ካየ ይሞታል፤ ቺካኮም እንዳትሰማ፣ ያቺ ልጅ ሁሉ ነገር ፊቷ ላይ ይነበባል› አለችኝ።»

«ሌላዋን ከየት አመጣችሁ?»

ሲጋራውን ለኮሰ። «እሱን ከኔ አትሰማም፤ አስምላኛለች።»

መስማት አላስፈለገኝም። ደረጃ ላይ የምትኖር አንዲት ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

በማግስቱ በባቡር ከተማሽ ኦኖሚቺ ወረድኩ። አልደወልኩልሽም፤ ልጮህብሽ ነበር የመጣሁት። የምጮኸውን ቃል ደረጃሽን ስወጣ በየመቀመጫው እያረፍኩ አዘጋጅቻለሁ። የናንተ ደረጃ እንደ ድሮው ማለቂያ የለውም፤ ይኼን የሠራው ልብ የሌለው ሰው ነው። ያን ግንድ ከነሥሩ፣ በገለባ ጠቅልለው፣ እንደ በሽተኛ በቃሬዛ በዚያ ደረጃ እንዴት እንዳወረዱት ሳስብ ለኦኩዳ ወገብ አዘንኩ።

ከአጥርሽ ስር እንደደረስኩ ቀና ብዬ ግድግዳሽን አየሁት።

ራቁቱን ነው። ጽጌረዳዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ልስኑ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ የቀረው በፀሐይና በባሕር ንፋስ ጠቁሯል። ከቀኝ በኩል እስከ መስኮትሽ ድረስ ቅርጿ እንዳለ ይታያል። ሽቦው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከሥር ጉድጓዱ በአዲስ አፈር ተሞልቷል።

አጥሬ ላይ ያለችው የባልሽ የኢሳሙ ጽጌረዳ ናት። ስታገቢ ከኔዋ አንድ ቅርንጫፍ ለምነሽኝ ነበር፤ ለዚያ ሰው ቤት አልሰጥም ብዬ ከለከልኩሽ። እሱ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ያችኑ ዓይነት ፈልጎ ገዝቶ፣ በሠርጋችሁ ቀን ተከለልሽ። ስለ ኢሳሙ ያን ጊዜ ያልኩትን ብያለሁ። ሰው የተናገረውን እንደ ልብስ እያወለቀ አይጥልም።

ደወሉን ልነካ እጄን ስዘረጋ ከላይ ድምፅሽን ሰማሁ። ከጎንሽ ያለችዋ ሴት ልብስ እያሰጣች ትጠይቅሻለች።

«ምነው ግድግዳሽን ራቁቱን አስቀረሽው? ግንቦት ሲመጣ ምን ልናይ ነው?»

«እኔን እዩኛ! እኔም አብባለሁ» አልሻት። ሁለታችሁም ሳቃችሁ፤ አንቺ ሳልሽ።

«ግን አላሳዘነሽም? የኢሳሙ እጅ ያቆማት አይደለችም?»

ልብስ ሲራገፍ ይሰማል። ከዚያ፣ «ኢሳሙ እኮ ዕድሜውን ሁሉ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ አንድ ቀን እንኳ ግባ ሳይባል ሞተ። ይኸው አሁን ገባ። በአጥርም በኩል ቢሆን ገባ» አልሽ።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ልቤን አሞኝ አይደለም፤ ልቤ ደህና ነበር። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ግን ከአፌ ጠፋ። ደወሉን አልነካሁትም። ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን አውልቄ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በካልሲ ወረድኩ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ እንደ ሌባ።

ቅዳሜ ቺካኮ ከመምጣቷ በፊት ባልዲውን አነሣሁና አፈሩን መልሼ፣ ረግጬ፣ ቅጠል በተንኩበት።

«አባዬ፣ እስቲ ንገረኝ። የማን ናት?» አለችኝ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ።

«የኔ ናት» አልኳት።

«የኔ አይደለችም ብለህ ነበር።»

«ተሳስቼ ነበር።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ከአፌ ሰምታ የማታውቀው ቃል ነው። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ደነገጠች። ግንባሬን ዳሰሰች። «አባዬ፣ አንተ መቼ ተሳስተህ ታውቃለህ?» ብላ አለቀሰች፤ ተሳስቼ ነበር ማለቴን ራሱን የበሽታ ምልክት አደረገችው። ወደ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ የሰዓት ሥዕል አሥሎኝ፣ የአትክልት ስም አስቆጥሮኝ፣ ለጊዜው ቤቴ መኖር እችላለሁ አለ። ከዚህ በኋላ ግን የቤቴ ቁልፍ እትዬ ኒሺኦካ ዘንድ ነው። ከድልድዩ ማዶ ስሄድ ማስታወቅ አለብኝ። በየማለዳው ቺካኮ ትደውልና፣ «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው፣ አባዬ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። «ጎበዝ!» ትለኛለች። ጎበዝ! እኔን!

አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ይኼ ሁሉ ይቆማል። አልናገርም። ቺካኮ ብታውቅ መጀመሪያ አንቺን ትቆጣለች፤ ቀጥላ ልታመሰግንሽ ስጦታ ይዛ ደረጃሽን ትወጣለች፤ ከዚያ ነገሩ ሻይ እየተጠጣ የሚወራ ይሆናል። ልጄ አንቺን እንድትቆጣ አልፈቅድም። አንቺን መቆጣት የሚችል ሰው እኔ ነኝ፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ ጨርሻለሁ።

ታዲያ ለምን ጻፍክልኝ ትይኝ ይሆናል። ልጄ አእምሮው ላልቷል ብትለኝ እችለዋለሁ። አንቺ ግን የተቀጠለችን ጽጌረዳ ከኔዋ መለየት ያቃተኝ መስሎሽ እንድትኖሪ መፍቀድ አልችልም።

አሁን ስለ ሥራው። የግራውን ሲባጎ ሁሉ በጠስኩት። የአጥሩን ሽቦ አንሥቼ ወደ ቀኝ ዘርግቻለሁ፤ ኦኩዳ ላግዝህ ቢለኝ ወገብህን ያዝ አልኩት። ዘንጎቿን እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ አጋድሜ፣ ላላ አድርጌ አስሬያታለሁ። የጠዋት ፀሐይ ጥቂት ይቀርባታል፤ የከሰዓቱን ታገኛለች። ልጧ የተበላበት ቦታ እየዳነ ነው። ሁለተኛ እንዲያ አጥብቀሽ እንዳታስሪ። ዘንድሮ ከተነቀለች ወዲህ የመጀመሪያ ዓመቷ ስለሆነ እንቡጧ ጥቂት ነው፤ ግማሹን ቆርጬ መጣል ነበረብኝ፣ ሥሯ እንዲበረታ። አልቆረጥኩም። ግንቦት ውስጥ መጥተሽ እዪአት። ምሳሽን ይዘሽ ነይ፤ የኔ ምግብ ጨው የለውም።

ጤና ይስጥሽ። ሳልሽን ችላ አትበይው፤ ጉልበትሽን አሙቂው፤ ደረጃውን ስትወርጂ የብረቱን መያዣ ያዢ። ለኢሳሙ መታሰቢያ ዕጣን ስታበሪ ከእንግዲህ አንድ ጨምሪለት፤ ከማን ነው አትበይ። ዕድሜሽ ይርዘም፤ ከኔ ይለፍ።

ስለዚህ ነገር የምለው ይኼ ነው። ከዛሬ በኋላ ስለ ጽጌረዳዋ ማንነት አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። ግንቦት ላይ ጎኔ ተቀምጠሽ ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም፤ ብታለቅሺም አልመልስልሽም፤ ሞት አፋፍ ላይ ብሆን እንኳ አልናገርም።

ታላቅ ወንድምሽ